ጠዋት የሚያኮርፍ ማሽን

ቡታጅራ ውስጥ ማሽን ሲበላሽ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል። አልሠራም ካለ ይነቅልና መልሶ ይሰካዋል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ በፎጣ ጠቅልሎ ወደ ባልቻ መውሰድ።

የባልቻ ሱቅ ከመናኸሪያው ዝቅ ብላ የተሠራች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ጠዋት ጠዋት እጅ ታደነዝዛለች፤ ቀትር ላይ ደግሞ ቆርቆሮው ግሎ ሰው ታቃጥላለች። ማስታወቂያ የላትም። ከበሩ በላይ አንድ አሮጌ የማኪያቶ ማሽን እጀታ ተንጠልጥሏል፤ ያ ይበቃል። በስተቀኝ የዘርፈሽዋል መደብ ነው። ዘርፈሽዋል ቅቤዋን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ትሸጣለች፤ ወሬዋን ግን ሳትጠቀልል በነጻ ትሰጣለች።

ባልቻ አምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። አረቅጥ ተወልዶ፣ በልጅነቱ መርካቶ ወርዶ፣ ካንድ የካፌ ማሽን ጠጋኝ ሥር አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጦ ሙያውን ተማረ። ሚስቱ ወለተጊዮርጊስ አሁንም አረቅጥ እንሰቷን ትጠብቃለች፤ እሱ በወር አንዴ ይሄዳል። የዝናው ምንጭ ግን እጁ አልነበረም። አፍንጫው ነበር። ሌላው ጠጋኝ ካቻቢቴውን ሲያነሳ ባልቻ መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ ያሸት ነበር። የነደደ ሽቦ አንድ ሽታ አለው፣ ያረጀ ጎሚኒ፣ ያ ውሃ የሚያፍነው ጎማ፣ ሌላ ሽታ አለው፣ ውስጡ ኖራ የያዘ ማሽን ደግሞ ዝናብ የነካው ግድግዳ ይሸታል። ወልቂጤ አንድ ካፌ ገብቶ፣ ገና ወንበር ሳይስብ፣ «የማሽናችሁ ጎሚኒ ሳምንት አይቆይም» አለ ይባላል። በአምስተኛው ቀን የፈላው ውሃ ጣሪያ ነካ። ከቆሼ ሲመለስ ደግሞ ሚኒባስ ውስጥ «ሽቦ እየነደደ ነው፣ አቁም» ቢል ሹፌሩ ሳቀበት። እንሴኖ ሳይደርሱ ከመሪው ሥር ጭስ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙ «ባልቻ አፍንጫው» ሆኖ ቀረ።

ታዲያ ይህ አፍንጫ ከሞተ አምስት ዓመት አልፎታል።

በኮሮናው ሰሞን ለአንድ ሳምንት ተኝቶ ተነሳ። ሳሉ ሄደ፣ ትኩሳቱ ሄደ፣ ማሽተቱም አብሯቸው ሄዶ ሳይመለስ ቀረ። ነገሩን ያወቀው አረቅጥ ሄዶ ሳለ ነው። ወለተጊዮርጊስ ለከብት ልትሰጠው ለይታ ያስቀመጠችውን የተበላሸ ቆጮ ተሳስታ አቀረበችለት። ደንግጣ ስታነሳው እሱ ሁለት ጊዜ ጎርሶ ሦስተኛውን እየጠቀለለ ነበር።

«ምነው ሰውዬ፣ አይሸትህም?» አለችው።

«ርቦኝ ነው» አላት።

ከዚያ በኋላ ለማንም ትንፍሽ አላለም። እንዴትስ ይላል? ካቻቢቴ መያዝ የሚችል ጠጋኝ ወልቂጤም ቡታጅራም ሞልቷል። ሰው ሁሉን አልፎ እሱ ጋ የሚመጣው ለአፍንጫው ነው። አፍንጫው እንደሌለ የተሰማ ቀን፣ ባልቻ መነጽር ያደረገ ሌላ ሽማግሌ ይሆናል። ሱቁ ሳይዘጋ ስሙ ይዘጋል።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠረ። ማሽን ሲመጣለት እንደ ድሮው ጎንበስ ይልና ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል። ከዚያ ቀና ብሎ ባለቤቱን፣ «እስቲ አንተም አሽትት፤ ምን አለህ?» ይላል። ሰውዬው ያሸትና «የተቃጠለ ጎማ መሰለኝ» ሲል፣ ባልቻ ትከሻውን መታ አድርጎ «ጎበዝ! ሙያ ገባህ ማለት ነው» ይለዋል። ሰውዬው ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ባልቻም ጎማውን ይቀይራል። አምስት ዓመት ሙሉ በሰው አፍንጫ ሠራ፤ ማንም አልነቃበትም።

አረፋ ሊደርስ ሳምንት ያህል ሲቀረው ባሂራ መጣች። ባሂራ ፋርማሲ የምትሠራ፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር፣ ትዳር ከያዘች ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። ባሏ አብዱልሃፊዝ መርካቶ ይነግዳል፤ እሷ ቡታጅራ ከእናቱ ከሳሌሃ ጋር ትኖራለች። ከባጃጅ ወርዳ በፎጣ የተጠቀለለውን ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አንድ ሲኒ ብቻ የሚያወጣ፣ ለቤት የሚሆን ትንሽ የቡና ማሽን ነው።

«ጋሽ ባልቻ፣ ይሄ ማሽን ጨረሰኝ! አብዱልሃፊዝ ከመርካቶ ያመጣው ነው። ለአረፋ ወንድሞቹ በሙሉ ይመጣሉ፤ ‹ካፌ አትሄዱም፣ ቤቴ ማኪያቶ አጠጣችኋለሁ› ብሎ ፎክሮባቸዋል። ይኸው ከትናንት ጀምሮ ድምፅ እንጂ ጠብ የሚል ነገር የለም።»

«ማን ነካው?»

«ከእኔ በቀር ማንም። ‹አትንኩት› ብዬ ለቤቱ ሁሉ አስጠንቅቄያለሁ። አሁን ግን እማ ሳሌሃ፣ ‹ያንቺ እጅ ችኩል ነው፣ ባለፈው ሲኒ ሰበርሽ፣ አሁን ደግሞ ይሄን› ይሉኛል። ለአብዱልሃፊዝም እንደዚያው ሳይነግሩት አይቀሩም።»

ባልቻ ጎንበስ አለ። ዓይኑን ጨፈነ። ቆየ።

«እስቲ አንቺም አሽትቺ፤ ምን አለሽ?»

ባሂራ አፍንጫዋን ወደ ማሽኑ አስጠጋች። «እኔ እንጃ። የዘርፈሽዋል ቅቤ ነው የሚሸተኝ።»

«እሱማ ጎረቤት ነው» አለ ባልቻ።

ውጪ ዘርፈሽዋል፣ «ምን አደረገ ደግሞ ቅቤዬ?» ስትል ተሰማች። ባሂራ ሳቀች። ነገሩ በዚያው አለፈ።

ቀትር ላይ ባልቻ ማሽኑን ከፍቶ ሽቦዎቹን በቴስተር ለካ። ሁሉም ደህና ነው። ሰካውና ቁልፉን ተጫነ። ማሽኑ ትንሽ አጉረመረመ፣ ከዚያ አንድ ሲኒ ውሃ ፏ አድርጎ አወጣ። ባልቻ የላላ ሽቦ ነበር ብሎ ደምድሞ፣ ሁሉንም አጥብቆ መለሰላት።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ማሽኑ ተመልሶ መጣ።

«ማታ ሠራ» አለች ባሂራ። «ጠዋት ተነስቼ ብጫነው ማጉረምረም ብቻ። ጠብ የለም!»

አሁን ደግሞ የሙቀት መቆጣጠሪያውን፣ ቴርሞስታቱን፣ ቀየረ። ቀትር ላይ ሞከረው፤ ሠራ። ወሰደችው። በማግስቱ ጠዋት ባጃጁ እንደገና ደጁ ላይ ቆመ። ይህን ጊዜ ባሂራ ከባጃጁ አልወረደችም፤ ማሽኑን በመስኮት አቀበለችውና «ሥራ ረፍዶብኛል» ብላ ሄደች። ድምፅዋ ውስጥ የነበረው ሳቅ የለም።

ዘርፈሽዋል ሚዛኗን እያጸዳች አየችው።

«ባልቻ፣ ይሄ ማሽን ካንተ ጋር ሊኖር ነው እንዴ? እንዲያ ከሆነ ምሳ ጨምርለት።»

«አንቺ ቅቤሽን ሽጪ።»

«እኔማ እሸጣለሁ። የኔ ቅቤ አንዴ ከሄደ አይመለስም።»

ባልቻ በሩን ገርበብ አድርጎ ማሽኑን እስከ መጨረሻው ብሎን ፈታው። ውሃ የሚስበውን ፓምፕ ከፈተ። ውስጡ ቢጫ ነጭ ቅባት ተለድፎበታል፤ ቱቦው ውስጥም አለ። «መርካቶ ከመሸጡ በፊት ያደሰው ሰው» አለ ለራሱ፣ «ግሪሱን ሲቀባ እጁ አልሰሰተም።» ማሽን ውስጥ ግሪስ ብርቅ አይደለም። ከፓምፑ ጠርጎ አወጣ፣ ጎሚኒውን ቀየረ፣ ገጠመው። ቀትር ላይ ሠራ። ባልቻ ግን ይህን ጊዜ ለባሂራ አልደወለላትም። ማሽኑን ሱቁ ውስጥ አሳደረው።

ጠዋት ከጉም ጋር መጥቶ፣ ጋቢውን እንኳ ሳያወልቅ፣ ቁልፉን ተጫነ። ማሽኑ አጉረመረመ። አጉረመረመ። አንድ ጠብታ የለም።

ቀትር ላይ ይሠራል፤ ጠዋት ያኮርፋል። ባልቻ በሠላሳ ስምንት ዓመት ሥራው ሰዓት የሚመርጥ ማሽን አይቶ አያውቅም። መብራቱን ጠረጠረ፤ ጠዋት ሰው ሁሉ ምጣድ ሲለኩስ ኃይሉ ይደክም ይሆናል ብሎ ለካው። ምንም አልጎደለውም። ሲጨንቀው እንደ ድሮው ማሽኑ ላይ ተደፋና በኃይል ወደ ውስጥ ሳበ። የገባው ብርድ አየር ብቻ ነው። ድሮ ቢሆን ኖሮ ይህ ማሽን ከባጃጁ ሳይወርድ ያውቀው ነበር። ይህ አሳብ ከማሽኑ የበለጠ አስቆጣው። አረፋ አራት ቀን ቀርቶታል። አብዱልሃፊዝ ከነወንድሞቹ መጥቶ «ባልቻ አፍንጫው ሦስቴ ነካክቶ አቃተው» ያለ ቀን፣ ወሬው ከመርካቶ እስከ ወልቂጤ በአንድ ሳምንት ይደርሳል። ከዚያ አንዱ «ለምን አቃተው?» ብሎ ይጠይቃል። የሚፈራው ያን «ለምን» ነበር።

እንዲህ ተክዞ ሳለ ሳሌሃ በሩን ሞላችው።

ሳሌሃ ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ፣ ልጆቿም ጎረቤቶቿም የሚፈሯት ሴት ናት። ነጭ ሻሿን አስተካክላ፣ ግራና ቀኝ አይታ ገባች። በእጇ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዛለች።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ባልቻ።»

«ወዓለይኩም ሰላም፣ እማ ሳሌሃ። ይግቡ፣ እዚህች ላይ ይቀመጡ። ስለ ማሽኑ ከሆነ...»

«በሩን መለስ አድርገው» አለችው። አደረገ። ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። «ይቺ ለጋ ቅቤ ናት፤ ከመስቃን የመጣች። ላመሰግንህ ነው።»

«ምን አደረግሁና?»

«ዝም አልክልኝ ነዋ! አፍንጫህን አገር ያውቀዋል። ገና ስትከፍተው እንዳወቅህ እኔም አውቃለሁ። ልጅቷ ሦስቴ መጣች፤ ሦስቴ ሸፈንክልኝ። አላህ ይሸፍንህ፣ ልጄ።»

ባልቻ ምን እንደሸፈነ አያውቅም። በጣም በጥንቃቄ፣ ድጥ ላይ እንደሚሄድ ሰው፣ «መቼም ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም፣ እማ» አለ።

«የለም። ግን በዚህ ዕድሜ!»

«እንዴት... እንዴት ሆኖ ነው ግን?»

ሳሌሃ በረጅሙ ተነፈሰች። «ያ የማሽን ቡና አልተዋጠልኝም። ጥቁር ውሃ ነው። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ቡና የማውቀው በቅቤና በጨው ነው። ልጅቷ ሥራ ሄደች። ማሽኑን አየሁት፤ በጀርባው ውሃ ትጨምራለች፣ በፊቱ ቡና ይወጣል። እንግዲያማ አልኩ፣ በጀርባው ቅቤ ብጨምር በፊቱ የቅቤ ቡና ይወጣል ማለት ነው። ጥፋቴ የቱ ጋ ነው?»

ባልቻ አሰበበት። አሳቡ ምንም እንከን የለበትም።

«አንድ ማንኪያ አቀለጥኩ፤ በኮሰረትና በኮረሪማ የነጠረ ነው። ጨው ነካ አደረግሁበትና ጨመርኩት። እውነቱን ልንገርህ? ወላሂ፣ ጣፋጭ ነበር! በማግስቱ ሁለት ማንኪያ አደረግሁ። በሦስተኛው ቀን አኮረፈ። ከዚያማ ልጅቷን ‹እጅሽ ችኩል ነው› አልኳት። እሷ አለቀሰች፤ እኔ ዝም አልኩ። እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው እንጂ ማሽኑ አይደለም።»

ባልቻ ትናንት ጠርጎ ጋዜጣ ላይ ያስቀመጠውን ቢጫ ነጭ «ግሪስ» ተመለከተ። የመርካቶውን ጠጋኝ ያለ ኃጢአቱ አምቶታል። ጠዋት ሱቁም ቤቱም ብርድ ነው፤ ቅቤው ረግቶ ፓምፑን ይደፍናል። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሲግል፣ ማታም ምድጃው አጠገብ ሲሆን፣ ቀልጦ ያሳልፋል። ይኸው ነው። ባሂራ በመጀመሪያው ቀን ቅቤ እንደሚሸት ነግራው ነበር እኮ! እሱ ግን «እሱማ ጎረቤት ነው» አላት።

እውነቱን ሊናገር አሰበ። ግን ምስጋናው ጣመው። አምስት ዓመት ያልሰማው ዓይነት ምስጋና ነው። «አይዞዎት፤ ዛሬውኑ ይስተካከላል» ብሎ እጅጌውን ጠቀለለ። ሳሌሃም መሄድ ፈርታ በርጩማው ላይ ተደላደለች።

ውሃ አፈላ። ቱቦዎቹን በሙሉ አውጥቶ በፈላ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ዘፈዘፋቸው። ፓምፑን በትኖ አጠበው፣ ገጠመው፣ ከዚያ ሙቅ ውሃ በማጠራቀሚያው እየሞላ በማሽኑ ውስጥ አሳለፈ። የመጀመሪያው ሲኒ ላይ ወርቅ የመሰለ ዘይት ተንሳፈፈ። አምስተኛው ላይ የሳሙና አረፋ ብቻ። ዘጠነኛው ላይ ኩልል ያለ ውሃ ወጣ።

ባልቻ ሲኒውን ወደ አፍንጫው አስጠጋ፤ ከልማድ ነው። ምንም። ቀመሰው፤ ምላሱም ካፍንጫው ጋር ነው የታመመው። ለዓይን ኩልል ባለው ውሃ ውስጥ ኮሰረት ይኑር፣ ሳሙና ይኑር፣ በምን ያውቃል? አብዱልሃፊዝ አራት ወንድሞቹን ደርድሮ ሳሙና የሚሸት ማኪያቶ ሲያጠጣቸው ታየው። ዘርፈሽዋልን ጠርቶ «አሽትቺልኝ» ሊላት ይችላል። ግን የዘርፈሽዋል አፍንጫ ቅቤ ላይ ነው ያደገው፤ ገና ሳትጠጋ የማን ቤት ቅቤ እንደሆነ ትናገራለች፤ የሳሌሃ ምስጢርም ቀትር ሳይሆን ገበያ ይደርሳል። ምስጢሩን የሚያውቅ አፍንጫ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በርጩማው ላይ ተቀምጧል።

ሲኒውን ይዞ ዞረ።

«እማ ሳሌሃ፣ እርስዎ ያሽቱልኝ።»

«እኔ? አንተ እያለህ?»

«እኔ አይሸተኝም።»

«ጉንፋን ይዞህ ነው?»

«ከኮሮናው ወዲህ አይሸተኝም። ምንም።»

ሳሌሃ አየችው። ፊቷ ላይ ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባት ይታያል።

«ታዲያ ያ... ‹ሦስቴ ሸፈንክልኝ› ብዬ ያመሰገንኩህ?»

«አላወቅሁም ነበር።»

«ያ ረቢ! በገዛ እግሬ መጥቼ ራሴን አጋለጥኩ! እግሬን ሰብሮ ቤቴ ቢያስቀምጠኝ ምን ነበረበት!» አለችና እጇን ወደ ጠረጴዛው ዘረጋች። «ቅቤዬን መልስ!»

ባልቻ ቅቤውን አነሳና ሰጣት። እሷ ያዘችው፣ አየችው፣ አየችው፣ ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቋን በሻሿ አፈነችው። ሳቁ ባልቻንም ያዘው። ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ በቀጭኑ ቆርቆሮ ማዶ ዘርፈሽዋል፣ «ምን ተገኘ? እኛም እንሳቅ እንጂ!» ብትል መልስ የሚሰጣት ጠፋ።

«አምጣው እንግዲህ» አለች ሳሌሃ ዓይኗን ጠርጋ። ሲኒውን አሸተተች። «ኮሰረት።»

ባልቻ እንደገና ሞላ።

«አሁንም ኮሰረት። ቀነስ ብሏል።»

እንደገና።

«ሳሙና። እንዴ፣ ምን ያህል ነው የጨመርክበት? ልብስ አጠብክበት እንዴ?»

እንዲህ እያሉ አሥራ ሰባት ሲኒ ደረሱ። በአሥራ ስምንተኛው ሳሌሃ ዓይኗን ጨፍና ብዙ ቆየች፤ ልክ እሱ ድሮ እንደሚያደርገው። «ውሃ ነው» አለች። «ባዶ ውሃ። ምንም የለውም።» ቅቤውን ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችና ሄደች።

በማግስቱ ጉሙ ሳይገፈፍ ባልቻ ማሽኑን ሰካ። ቁልፉን ተጫነ። ማሽኑ አንዴ አጉረመረመና ውሃውን ለቀቀው።

ባሂራ ስትመጣ ሳሌሃም ባጃጁ ውስጥ ነበረች። ባልቻ አንድ ደንብ አለው፤ ማሽን ሲመልስ ጥፋቱ ምን እንደነበር ሳይናገር አይመልስም። ባሂራም ደንቡን ታውቃለች።

«እሺ ጋሽ ባልቻ፣ ምን ነበር? የኔ እጅ ነው አይደል?» አለች፤ ገና ሳይመልስላት አንገቷን ደፋች። ዘርፈሽዋል ቅቤ መጠቅለሏን አቁማ ጆሮዋን ወደ በሩ አዙራለች። ባጃጁ ውስጥ ሳሌሃ መቁጠሪያዋን እየቆጠረች ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም።

ባልቻ ሁሉንም በተራ አያቸው።

«ያንቺ እጅ የለበትም» አለ። «አንድ ቅባት ነገር ቱቦው ውስጥ ረግቶ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። በመጀመሪያው ቀን ማወቅ ነበረብኝ፤ ሦስቴ አመላለስኩሽ። አፍንጫዬ አይሠራም፣ ባሂራ። ከሞተ አምስት ዓመቱ ነው።»

ባሂራ ማሽኑን አቀፈች። ባጃጁ ሄደ። ዘርፈሽዋል ለመጀመሪያ ጊዜ የምትናገረው አጣች፤ እሱም አንድ ደቂቃ ያህል ነው።

ማታውን ከተማው ሰማ። አንዱ በሩ ላይ ሲያልፍ፣ «የቀድሞው አፍንጫው፣ እንደምን አመሸህ!» አለው። ከወልቂጤ አንድ ባለካፌ ደወለ። «እውነት ነው?» «እውነት ነው።» «አይ እንግዲህ» ብሎ ዘጋው። ማሽናቸውን ሊያመጡ ቀጠሮ የያዙ ሁለት ሰዎች ቀሩ። ባልቻ ቀኑን ሙሉ የድሮ ብሎኖች ሲለይ ዋለ። ያም ሆኖ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን መጨፈን ስለቀረለት ወገቡ አረፈ።

የአረፋ ዕለት ከሰዓት በኋላ ባሂራ ራሷ መጥታ ባልቻን ወደ ቤት ወሰደችው። የሳሌሃ ግቢ ከአዲስ አበባ በመጡ ሰዎች ሞልቷል። ለባልቻ ለብቻው አይብና ጎመን ቀረበለት፤ ከአብዱልሃፊዝ ወንድሞች አጠገብ አስቀመጡት። ማሽኑ መስኮቱ ሥር ነጭ ጨርቅ ተነጥፎለት እንደ ሙሽራ ተቀምጧል። አብዱልሃፊዝ አንድ በአንድ ማኪያቶ እያወጣ ያድላል። ታላቅ ወንድሙ ቀምሶ፣ «እ... ደህና ነው» አለ፤ ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ከዚያ ወደ ባልቻ ዞር አለ።

«ጋሽ ባልቻ፣ አፍንጫህ ሞተ ሲሉ ሰማሁ። ለዚህ ነው አሉ ሦስቴ የተመላለሰው?»

ባልቻ «አዎ» ሊል አፉን ሲከፍት ሳሌሃ ሲኒዋን አስቀመጠች።

«የተመላለሰውስ በኔ ነው» አለች። «ቅቤ የጨመርኩበት እኔ ነኝ። ሦስት ማንኪያ፣ ከነኮሰረቱ። ይሄ ሰው እያወቀ ስሙን ሰጠልኝ እንጂ የኔን አላወጣም። ልጅቷን ደግሞ ያለ ጥፋቷ ወቀስኳት።» ወደ ባሂራ ዞረች። «እጅሽ ችኩል አይደለም። የኔ አፍ ነው ችኩል።»

ባሂራ ትሳቅ ወይ ታልቅስ አታውቅም ነበር። ታላቁ ወንድም ገላገላት፤ ማኪያቶው በአፍንጫው እስኪወጣ ድረስ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ። አብዱልሃፊዝ ማሽኑን ከፊት ከኋላ እያየ፣ «እማዬ፣ በጀርባው?» ይላል። «በጀርባው ነዋ! በየት ላደርገው ኖሯል?» ትላለች።

ባሂራ ተነስታ ጓዳ ገባችና በትንሽ ጣባ የነጠረ ቅቤ ይዛ መጣች። ከማሽኑ አንድ ሲኒ ቡና አወጣች፣ ቅቤውን በማንኪያ ጫፍ ሲኒው ውስጥ ጨመረች፣ ጨው ነካ አደረገችና ለአማቷ በሁለት እጇ ሰጠቻት። «ቅቤው በዚህ በኩል ነው የሚገባው፣ እማ።»

ሳሌሃ አሸተተች። «ኮሰረቱ አንሷል» አለች። ግን ጨረሰችው።

እንግዶቹ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ወሬውን ይዘውት ሄዱ፤ ባልቻ የሰው ምስጢር አያወጣም የሚለውም ቡታጅራን አዳረሰ። ባልቻ ሱቅ ዘግቶ አረቅጥ ለመግባት አስቦ ነበር፤ ጊዜ አጣ። ለካ በከተማው ውስጥ ምስጢር ያለበት ማሽን ብዙ ኖሯል። አንድ መምህር በሚስቱ የጁስ መፍጫ የማረቆ በርበሬ ፈጭቶበት በፌስታል ደብቆ አመጣው። አንድ ተማሪ በአጎቱ ካውያ እንቁላል ጠብሶበታል። ሁሉም ገብተው በሩን መለስ ያደርጋሉ። ባልቻም አሁን በግልጽ፣ «እኔ አይሸተኝም፤ ምን እንዳደረግህ ንገረኝ» ይላል፤ እነሱም ይነግሩታል። በአፍንጫው ዘመን አንድም ደንበኛ እንዲህ እውነቱን ነግሮት አያውቅም።

ከወልቂጤ ያ ባለካፌ አልደወለም። ሌሎች ግን ደወሉ።

በገበያ ቀን ሳሌሃ ከበርጩማው ላይ አትጠፋም። ባልቻ ሲኒ ሲያቀብላት ዓይኗን ጨፍና ታሸታለች፤ ትፈርዳለች። ዘርፈሽዋል በዚህ ትቀናለች።

«እኔስ አፍንጫ የለኝም?» አለች ባለፈው፣ አንገቷን በበሩ አስግጋ።

«አለሽ» አለች ሳሌሃ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «አፍሽ ነው ያስቸገረን።»